ቢራ በአንድ ድስት

ቢራ መጥመቅ ያስተማሩኝ ኦክላንድ ሳለን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ የክሬን መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አንዲት ሴት ልጃቸው ሳክራሜንቶ ነው የምትኖረው። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለም። እኔ ግን በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እርስዎ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ። እሳቸው ስሜን መጥራት ስለከበዳቸው «ጎረቤቴ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ቤት ከለቀቅን በኋላም አልተዉትም።

ነገሩ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳ ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሼ ደረጃውን ስወጣ ከታችኛው ቤት መስኮት የሚወጣ ጣፋጭ፣ ከባድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ቆም ብዬ አሸተትኩ። ብቅል ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ብቅል ሸቶኝ አያውቅም። ቁልፉን ወደ ኪሴ መልሼ ወረድኩና በራቸውን አንኳኳሁ።

ሲከፍቱ እጃቸው ላይ ረጅም ማንኪያ ይዘዋል። ለስሞታ የመጣሁ መስሏቸው «ሸተታችሁ አይደል? ይቅርታ፣ መስኮቱን ብዘጋው ደግሞ እኔ እታፈናለሁ» አሉኝ።

«ኧረ ለዚያ አይደለም። ብቅል ነው እንዴ?»

ዓይናቸው በራ። «አንተ ብቅል የት ታውቃለህ?»

«እኛ አገር ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ቢራ የሚመስል መጠጥ ይጠምቃሉ። ብቅል አለው፣ መራራ ቅጠልም አለው።»

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹ ይጠጣሉ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «በል ግባ ጎረቤቴ፣ ዛሬ ወንድ ሲጠምቅ ታያለህ» አሉኝ።

ወጥ ቤታቸው ጠባብ ነበር። ምድጃው ላይ አንድ ትልቅ ድስት ይንተከተካል፤ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ጣሳ ተቀምጧል። ጣሳው ውስጥ የቀረውን ቡናማ፣ ዝልግልግ ነገር በማንኪያ ጠርገው አቀመሱኝ። ሲያዩት ማር ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን የተጠበሰ ዳቦ ጣዕም አለው። የብቅል ኤክስትራክት ይባላል። እንዳስረዱኝ ከሆነ ፋብሪካው ብቅሉን ፈጭቶ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ጣፋጩን ውሃ አጥልሎ፣ እንደ ሽሮፕ እስኪወፍር ድረስ ያተነዋል። ቤቱ የሚጠምቀው ሰው ከባዱ ሥራ ተሠርቶለት ነው የሚጀምረው። የሚቀረው ለቀለምና ለጣዕም የሚሆን ትንሽ የተቆላ ብቅል በጨርቅ ከረጢት አድርጎ እንደ ሻይ መዘፍዘፍ፣ ሽሮፑን መበጥበጥ፣ እንደኛ ጌሾ መራራ የሆነውን የሆፕስ አበባ ጨምሮ አንድ ሰዓት ማፍላት፣ ከዚያ አቀዝቅዞ እርሾ መጨመር ነው። ሁሉም ቢበዛ ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ሁለት ሳምንት ባልዲ ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት ጠርሙስ ውስጥ። እጅህን ታጠብ፣ ዕቃውን እጠብ፣ ከዚያ በኋላ እንዳትነካካው። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው ክዳኑን እየከፈተ በማየት ነው።»

የራሴን የመጀመሪያ ቢራ በእሳቸው ድስት የጠመቅኩት ለፋሲካ ነው። ባለቤቴ ለእህቷ ደውላ «ጉድ ልንገርሽ፣ ባሌ ጠማቂ ሆኖልሻል!» ስትል ከሌላው ክፍል ሰማኋት። በዓሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ተሰብስበው ሳለ ብርጭቆ ሞልቼ ለአንድ ትልቅ ሰው ሰጠሁ። ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩትና «አሁን ይኼ ጠላ ነው ወይስ ቢራ?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ቀምሰው ይንገሩን» አለቻቸው ባለቤቴ።

ቀመሱ። ጨረሱትና ብርጭቆውን እንደገና ዘረጉልኝ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጠማቂነቴ መቀለዷን ባትተውም፣ እንግዳ ሲመጣ ግን «ከእሱ አምጣላቸው» ማለት ጀመረች።

ልጃችን ከተወለደች በኋላ ወደ ሳን ሆዜ ተዛወርን። ሚልፒታስ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚፈትሽ ድርጅት ቀጥሮኝ ስለነበር ከኦክላንድ መመላለሱ አድካሚ ሆነብኝ። የተከራየነው ቤት ጋራዥ ነበረው። ባዶ ጋራዥ ደግሞ ሰውን ዕቃ ያስገዛል።

ከጎኔ የሚሠራው ባልደረባዬም ቢራ ይጠምቅ ነበር። እኔም እንደምጠምቅ ስነግረው ደስ ብሎት «ኦል ግሬይን ነው?» አለኝ። ሽሮፕ ሳይጠቀሙ ከእህሉ ተነስቶ መጥመቅ ማለቱ ነው። «አይ፣ በኤክስትራክት ነው» ስለው «እሱም ለጀማሪ ጥሩ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ያችን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ያን ጊዜ ሥራው ላይ ጀማሪ ነኝ፤ መሣሪያው ላይ ጀማሪ ነኝ፤ ሚቲንግ ላይ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሲያወራ የምናገረውን በልቤ አዘጋጅቼ እስክጨርስ ወሬው ያልፈኛል። ቢያንስ በአንድ ነገር ጀማሪ መባል አልፈለግኩም።

በአንድ ዓመት ውስጥ ጋራዡ ሦስት ትልልቅ የብረት ድስት፣ ሁለት የፕሮፔን ጋዝ ምድጃ፣ ፓምፕና የብቅል ወፍጮ ነበረው። በአንዱ ድስት ውሃ አሞቃለሁ፤ በሁለተኛው የፈጨሁትን ብቅል በልኩ ሙቀት አንድ ሰዓት እዘፈዝፋለሁ፤ በላዩ ሙቅ ውሃ እያፈሰስኩ ጣፋጩን አጥቤ በሦስተኛው አፈላለሁ። የከተማው ውሃ ምን ምን ማዕድን እንዳለው አንብቤ፣ የጎደለውን በትንሽ ሚዛን እየመዘንኩ እጨምር ጀመር። ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እነሳለሁ፤ የመጨረሻውን ድስት አጥቤ ስጨርስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።

ቢራውን መጥፎ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጥርት ያለ፣ ቢጫ፣ ሲጠጡት ቀለል የሚል ቢራ ነበር። በልክ የሠራሁት ነገር በልኩ ሲወጣ የሚሰማኝ ደስታም እውነተኛ ነበር። ቤታችን ግን ቅዳሜ የሚባል ቀን ጠፋ። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ሺፍት ስላላት አብረን የምንውልበት ቀን እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ዛሬስ በስንት ሰዓት ትጨርሳለህ?»

«አሁን ብቅሉ እየተዘፈዘፈ ነው፤ ሙቀቱን ጥዬ መሄድ አልችልም።»

«ልጅቷ ፓርክ ካልሄድን እያለች ነው።»

«እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ።»

አልደረስኩባቸውም። ስንት ቅዳሜ እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ አንድም ቀን ደርሼባቸው አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ነው ኦክላንድ ሽማግሌውን ልጠይቅ የሄድኩት። በየወሩ ባይሆንም በየሁለት ወሩ እሄድ ነበር። ያን ቀን በጣም የኮራሁበትን ቢራ ስድስት ጠርሙስ ይዤ ነበር። ቀመሱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጎረቤቴ፣ ይኼ ሱቅ ካለው ይበልጣል» አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ከማቀዝቀዣው የራሳቸውን ቡናማ ቢራ አምጥተው ቀዱልኝ። እኔ ደግሞ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቼ እንደ መርማሪ አየሁት።

«ትንሽ የጣሳ ጣዕም አለው» አልኩ። እዚያ ላይ ብቆም መልካም ነበር። «ኤክስትራክት እንደዚህ ነው፤ የጀማሪ ነገር ነው። አንድ ቀን ሳን ሆዜ ይምጡና ትክክለኛውን አሠራር ላሳይዎት።»

ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ጀማሪ ሆኛለሁ ማለት ነው» አሉ ፈገግ ብለው። እኔም ሳቅኩ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ፤ ስለ ልጄ ትምህርት ቤት ጠየቁኝ፤ ስወጣም እንደ ወትሮው በር ድረስ ሸኙኝ። ከዚያ በኋላ ግን በሄድኩ ቁጥር የሚያቀርቡልኝ ለስላሳ ብቻ ሆነ። እኔ ሐኪም መጠጥ የከለከላቸው መስሎኝ አልጠየቅኩም።

አደጋው የደረሰው ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆናት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የመጀመሪያው ድስት ውሃ ሊፈላ ምንም አልቀረውም፤ ፓምፑ እየገፋ ወደ ሁለተኛው ያሻግረዋል። ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚያያዝበትን ማሰሪያ ጠዋት ሳጠብቀው በደንብ እንዳልያዘ ተሰምቶኝ «ይቆይ፣ በኋላ አየዋለሁ» ብዬ ትቼው ነበር። ልጄ ከቤት ወደ ጋራዡ በሚያስገባው በር ብቅ አለች። የክፍል ጓደኛዋ ልደት ነበር፤ እኔ እንድወስዳት ፈልጋለች። በአማርኛ ስናገራት ሁሉን ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ዳዲ፣ ፕሮሚስ አድርገህ ነበር» አለችኝ፤ ለማባበል ስትፈልግ እንዲህ ሁለቱን ትቀላቅላለች።

«ትንሽ ጠብቂኝ» ልላት ዞር ስል ቱቦው ተፈናጥሮ ወጣ። የፈላው ውሃ እንደ እባብ እየተወራጨ ወደ እሷ አቅጣጫ ተረጨ። እንዴት እንደዘለልኩ አላስታውስም። በግራ እጄ ገፍቼ ወደ ቤት ውስጥ ጣልኳትና የፓምፑን ሶኬት ነቀልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ግራ እግሬ ከጉልበት በታች እንደሚቃጠል ያወቅኩት። ካልሲው ከቆዳዬ ጋር ተጣብቋል። ልጄ ወድቃ ክርኗን ከመፋቋ በስተቀር አንዲት ጠብታ አልነካቻትም።

ባለቤቴ የሰው ቁስል ማጠብ ሥራዋ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰች፣ ልጅቷንም እኔንም እያረጋጋች ሐኪም ቤት አደረሰችን። እዚያ እግሬን ጠቅልለውልኝ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳለ ከጎኔ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እሷ ብትሆንስ?» አለችኝ በቀስታ።

ስድስት ሳምንት ከሥራ ቀርቼ በሰንደል ጫማ እየተንቀሳቀስኩ ቆየሁ። ድስቶቹን በአሮጌ አንሶላ ሸፈንኳቸው። እግሬ ከዳነ በኋላም አንሶላውን አላነሳሁትም። ሥራ ቦታ ባልደረባዬ ሲጠይቀኝ «ጊዜ አጣሁ» እለዋለሁ። እውነቱ ግን ጋራዡ ውስጥ ስገባ ልጄ የቆመችበት ቦታ ላይ ዓይኔ ያርፋል። ቢራው አልናፈቀኝም፤ ሳንታ ክላራ መንገድ ላይ ያለው ሱቅ ሁሉ ቢራ ሞልቶታል። የናፈቀኝ እርሾው ሥራ ሲጀምር ባልዲው ክዳን ላይ ያለው አየር ማስወጫ ቡልቅ፣ ቡልቅ ሲል መስማት ነበር። እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። የሽማግሌው ልጅ ናት፤ ሳክራሜንቶ የምትኖረው። አባቷን ስትሮክ መትቷቸው ሁለት ወር ሐኪም ቤትና ማገገሚያ ቆይተው ቤታቸው መመለሳቸውን ነገረችኝ። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። «ጎረቤቴን ጥሪልኝ ይለኛል፤ ስምህን አይነግረኝም። ቁጥሩን ከስልኩ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። እንዳልሰማሁ፣ ከቃጠሎው ወዲህም ሄጄ እንዳልጠየቅኳቸው ሳስብ አፈርኩ። በማግሥቱ መኪናዬን አስነስቼ ኦክላንድ ሄድኩ።

ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ተረሳ ዕቃ ተኝቷል። ንግግራቸው ቀርፋፋ ሆኗል እንጂ አሳባቸው ሙሉ ነው።

«ጎረቤቴ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሰማንያ ዓመት ይሞላኛል» አሉኝ። «የወደብ ጓደኞቼ ይመጣሉ። የቀሩት ማለቴ ነው። ቢራዬን እንዳጠጣቸው ቃል ገብቻለሁ። ልጄ ከሱቅ እንግዛ ትላለች።»

ውለታቸውን የምመልስበት ጊዜ የመጣ መሰለኝ። «ምንም አያስቡ። እኔ ሳን ሆዜ ድስቶቹን አውጥቼ፣ ከእህሉ አንስቼ በጣም ጥሩ ቢራ ሠርቼ አመጣልዎታለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያንተን ቢራ አልፈልግም። የኔን ነው የምፈልገው። ያጣሁት እጅ ብቻ ነው፤ አሠራሩን አልረሳሁም።»

«እሺ» አልኩ። «እጁን እኔ እሆናለሁ።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ሱቅ ዕቃውን ገዝቼ ሄድኩ። ሻጩ ሽሮፑን ከጣሳ ሳይሆን ከትልቅ በርሜል ቀድቶ ነው የሰጠኝ፤ በቅርቡ የገባ አዲስ ነው አለኝ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ምድጃው አጠገብ አስደርገው እንደ ፎርማን ያዙኝ። ውሃውን ስቀዳ ልማድ ሆኖብኝ «የዚህ አካባቢ ውሃ ማዕድኑ ምን ያህል ነው?» ብል «ውሃው ከቧንቧ ነው የሚመጣው» ብለው ዘጉኝ። የተቆላውን ብቅል በከረጢት ስዘፈዝፍ ሰዓቱን እሳቸው ያዙ። እኔም አንድ ነገር ፈራ ተባ እያልኩ አቀረብኩ።

«ሽሮፑን ሙሉውን ከመጀመሪያው ስናፈላው ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይከብዳል ይላሉ። ግማሹን ለመጨረሻው አስር ደቂቃ ብናቆየውስ?»

አሰቡበት። «ሠላሳ ዓመት ማንም አልነገረኝም» አሉ። «እስቲ አቆየው።»

ሽሮፑ እንዳያር እሳቱን አጥፍቼ በጠበጥኩት። እንደገና ለኩሼ ሆፕሱን ስጨምር ሳላስበው አረፋው ተነሳ። «ጎረቤቴ! ድስቱ!» ብለው ሲጮሁ ዘልዬ ከእሳቱ ላይ አነሳሁት። ግማሽ ኩባያ ያህል ምድጃው ላይ ፈሶ ቤቱን በጢስ ሞላው። ድስቱን አስቀምጬ ወደ በሩ ዞርኩ፤ የጋራዡ ነገር ነው የመጣብኝ። እሳቸው አዩኝ። ስለ ቃጠሎው ነግሬያቸው ስለማላውቅ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳውን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው ተቀመጥ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በኤክስትራክት ሲጠምቁ ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚሠራ ነገር የለም። ጋራዡ ውስጥ እኔ በዘጠኝ ሰዓት ሥራ መሀል አንዴም ተቀምጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚለካ፣ የሚገለበጥ፣ የሚታጠብ ነገር አለ። እዚህ ግን ሁለት ወንበር፣ አንድ ድስትና አንድ ሰዓት ነበረን። ሽማግሌው ስለ ሚስታቸው አወሩኝ፤ ከዚያ በፊት ስለ እሷ ብዙም አይናገሩም ነበር። አንድ ጊዜ ወደብ ላይ ጀርባቸውን ተጎድተው ሦስት ወር ቤት ሲውሉ፣ ከቤተሰባቸው ጋር መነጋገር አስጠልቷቸው ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ይውሉ ነበር። እሷ ናት የመጀመሪያውን የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ካርቶን ገዝታ የመጣችው። እሷ ራሷ ቢራ አትጠጣም።

«አሁን ሳስበው ቢራ ፈልጋ አይደለም» አሉኝ። «ወጥ ቤት ገብቼ አብሬያት እንድቀመጥ ነው።»

«ያን ጊዜ ስለ ቢራዎ የተናገርኩት ነገር…»

«የቱ?»

«የጀማሪ ነው ያልኩት።»

«ያን ቀን አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሜ ቀመስኩት። እውነትህን ነው፤ የጣሳ ጣዕም ነበረው። ጣሳው መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ጣሳው አሮጌ ነው ብትለኝ ሌላ እገዛ ነበር እኮ። አንተ ግን እኔን ነው ያልከኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ያልኩት ቃል ትንሽ ሆኖብኝ ደግሜ በአማርኛ አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቁ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «በል የቀረውን ሽሮፕ ጨምር፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርሙስ ለመሙላት ስሄድ ባለቤቴና ልጄም አብረውኝ መጡ። ባለቤቴ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ስትንከባከብ ዓመታት አሳልፋለች። እኔ ቢራውን በቱቦ ስቀዳ፣ ሽማግሌው ቆርኪ መግጠሚያውን በግራ እጃቸው ሊጫኑ ሲታገሉ ተመለከተቻቸውና ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ቀኝ እጅዎን ከሥር ያድርጉት፣ ግራውን ከላይ» አለቻቸው። «ቀኙ ባይጫንም ይሂድ፤ መንገዱን እንዳይረሳ።»

እጃቸውን ይዛ መግጠሚያው ላይ አስቀመጠችላቸው። የመጀመሪያው ጠርሙስ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። ሁለተኛው ቆርኪው ጠመመ። ሦስተኛው ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ሽማግሌው ጠርሙሱን በግራ እጃቸው አንስተው ገልብጠው አዩት፤ አንድም ጠብታ አልወጣም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ባለቤቴ እንዳላየች ሆና «ቀጣዩን አምጣ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። ያን ቀን እሳቸው አስራ አንድ ጠርሙስ ከደኑ። የቀረውን ከደከማቸው በኋላ ባለቤቴ ጨረሰችው። ያን ሁሉ ዓመት ስጠምቅ አንዲት ጠርሙስ ነክታ አታውቅም ነበር።

ልደቱ በጓሯቸው ተከበረ። ከወደብ ጓደኞቻቸው አምስት ሰዎች መጡ፤ አንዱ በዊልቸር ነው የመጣው። ቢራው ጠቆር ያለ ማር ቀለም ነበረው፤ ከድሮው የቀለለና የጠራ። ከሱቅ እንግዛ ትል የነበረችው ልጃቸው አንድ ብርጭቆ ቀምሳ ሁለተኛ ቀዳች። አንዱ ሽማግሌ «አሠራር ለወጥክ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ወደ እኔ እያመለከቱ «ጎረቤቴ አንድ ነገር አስተማረኝ» አሉ። ብዙ ሰው ፊት ተመስግኜ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን የት እንደምገባ የጠፋኝ ጊዜ ግን የለም።

በዚያው ዓመት የጋራዡን ድስቶች እዚያው አጠገባችን ካለችው ኒውአርክ ለመጡ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች ሸጥኳቸው። ከፓምፑ ጋር አዲስ ማሰሪያ ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚጠብቅ አሳየኋቸው። ለምን እንደምሸጥ ሲጠይቁኝ «በኤክስትራክት መጥመቅ ጀምሬ ነው» አልኳቸው። ባልየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከእህል የሚጠምቅ ሰው ተሳስቷል አልልም፤ ጊዜው ላለውና ልቡ ለፈቀደው ደስ የሚል ሥራ ነው። ለእኔ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሬ ስድስት ሰዓት ላይ የምጨርሰው ሥራ በቃኝ። ድስቱ ሲፈላ ባለቤቴ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ የምንጨርሰው ያን ጊዜ ነው። ልጄ ሽታው እንደማይመቻት በእንግሊዝኛ እየተነጫነጨች ታልፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን የትም ልትሄድ ብትፈልግ የምወስዳት እኔ ነኝ።

ከሽማግሌው ጋር ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ጠመቅን። ቀኝ እጃቸው ኩባያ ለመያዝ በቃ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። በኋላ ልጃቸው ሳክራሜንቶ ወሰደቻቸውና ግንኙነታችን በስልክ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉልኛል፤ ምን እንደጠመቅኩ፣ ሽሮፑ አዲስ መሆኑን፣ ልጅቷ ደህና መሆኗን ይጠይቁኛል። አንድ የጸደይ ሰሞን ቅዳሜ ሳይደውሉ ቀሩ። እሑድ ጠዋት ልጃቸው ደወለችና እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን ነገረችኝ።

ቀብራቸው ኦክላንድ ነበር። እኔና ባለቤቴ ከልጃችን ጋር ሄደን ከወደብ ጓደኞቻቸው ጎን ቆምን። ከአምስቱ ሦስቱ ነበሩ የቀሩት። ወደ ሳን ሆዜ ስንመለስ ወጥ ቤት ጥግ ላይ ሁለት ሳምንት የሞላው አንድ ባልዲ ቢራ ይጠብቀን ነበር። ልብሳችንን ቀይረን ጠርሙሶቹን አጠብን። እኔ ቀዳሁ፣ ባለቤቴ ከደነች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንከፍተው ትንሽ መረረን፤ ሆፕሱን አብዝቼው ኖሯል። ቢሆንም ጠጣነው።